ክርክር፦ የሲቢኤስ ዲስክ ተሸነፈ ወይስ ተገፋ?

የክርክሩ ሐሳብ እንዲህ ይላል፦ «በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በባለ ቀለም ቴሌቪዥን ፉክክር ያሸነፈው የተሻለው ምስል ሳይሆን ጉልበተኛው ኩባንያ ነው።» ተፎካካሪዎቹ ሁለት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ናቸው፦ በሚሽከረከር ዲስክ የመጣው ሲቢኤስና ያለ ዲስክ የመጣው አርሲኤ። ደጋፊው ለሰርግና ለስብሰባ ፕሮጀክተር የሚያከራይ ወጣት ነው። ተቃዋሚው ሠላሳ ዓመት ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አባት ናቸው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አከራዩ

ከሁለት ወር በፊት ሰርግ ላይ ፕሮጀክተሬ ድንገት ጠፋ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሃያ ደቂቃ ነው የቀራቸው። በዚያ ቀን የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ቤት ወስጄ ስፈታው ውስጡ ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ የምትል የመስታወት ቀለበት አገኘሁ። ዙሪያዋን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቁራጭ መስታወት ተለጥፎባታል። የአንዱ ቁራጭ ሙጫ ለቆ ወድቋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ ለምትዞር ነገር ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። መለዋወጫ ፍለጋ ስባዝን ነው የፒተር ጎልድማርክን ታሪክ ያገኘሁት። ካነበብኩት ጀምሮ ንዴቴ አልበረደም።

ጎልድማርክ ሃንጋሪ ተወልዶ ኒውዮርክ ሲቢኤስ ውስጥ የሠራ ኢንጂነር ነው። በ1940 ቴሌቪዥንን በቀለም አሳየ። ዘዴው ለሕፃን ይገባል። ካሜራው ፊት ባለ ሦስት ቀለም ማጣሪያ ዲስክ ይሽከረከራል። ካሜራው አንዴ በቀይ፣ አንዴ በሰማያዊ፣ አንዴ በአረንጓዴ ያያል። ተመልካቹ ቤትም ስክሪኑ ፊት አቻው ዲስክ እኩል ይዞራል። ስክሪኑ ራሱ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ዲስኩ ነው፣ የሚያዋህደው ደግሞ ዓይናችን። የኔ ፕሮጀክተር ማለት ነው፣ ዲስኩ ተለቅ ብሎ።

የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን ሁለቱን ተፎካካሪዎች ጎን ለጎን አየ። የአርሲኤ ምስል በ1949 ሲታይ መሳቂያ ነበር። ዝንጀሮው አረንጓዴ፣ ሙዙ ሰማያዊ ሆኖ መውጣቱን የኩባንያው አለቃ ዴቪድ ሳርኖፍ ራሱ በኋላ እየሳቀ አውርቶታል። ኮሚሽኑ በጥቅምት 1950 የሲቢኤስን መረጠ። አርሲኤ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1951 ለኮሚሽኑ ፈረደ። በሰኔ ስርጭት ተጀመረ። በጥቅምት ደግሞ የኮሪያ ጦርነት ጥሬ ዕቃ ይፈልጋል ተባለና ሁሉም ነገር ቆመ። በ1953 መጨረሻ ላይ በአርሲኤ መንገድ የተሠራው ስርዓት ጸደቀ።

ኮሚሽን የመረጠው፣ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ነገር በአራት ወር ሞተ። ይህ መሸነፍ ነው? አዎ፣ የድሮው ቴሌቪዥን አዲሱን ስርጭት አያሳይም ነበር። ታዲያ ሰው ቀይሮ ቢገዛ ምን ነበረበት? ቴሌቪዥን እንደሁ ገና ብርቅ ነገር ነበር።

ጠጋኙ

«ሰው ቀይሮ ቢገዛ ምን ነበረበት?»

ልጄ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ቀይሮ የሚገዛ ደንበኛ ቢኖረኝ ኖሮ እኔ ሠላሳ ዓመት በምን እኖር ነበር? ሰው ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በታክሲ ጭኖ፣ «አባባ አድኑልኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። አሜሪካዊውም ያኔ እንደዚያው ነው። በዱቤ ገዝቶ ዕዳውን ያልጨረሰ ብዙ ነበር።

አሁን ቁጥር ልንገርህ። ሰኔ 25 ቀን 1951 ሲቢኤስ የመጀመሪያውን የንግድ ስርጭት በቀለም ሲለቅ አገሪቱ ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቴሌቪዥን ነበር። በኒውዮርክና በአራት ሌሎች ከተሞች ተላለፈ። ስንት ሰው አየው? በቀለም የሚያሳዩት ሣጥኖች በጥቂት ደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው። የቀረው ሕዝብ ስክሪኑ ላይ ዝብርቅርቅ መስመር አየ። ድግሱ ተደግሶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ እንግዳ የለም። ይህን ነው በግፍ ሞተ የምትለኝ?

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጥቁርና ነጩ ስርዓት 525 መስመርና በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚጻፍ ምስል ነበር። ሲቢኤስ ለሦስቱም ቀለም ተራ መስጠት ስላለበት በሴኮንድ 144 ጊዜ መጻፍ ግድ ሆነበት። ያንን ሁሉ በአንድ ጣቢያ ሞገድ ውስጥ ለማስገባት መስመሩን ወደ 405 ቀነሰው። ቀለም ጨመረ፣ ጥራት ቀነሰ። የድሮው ሣጥን ደግሞ በዚያ ፍጥነት መሮጥ አይችልም።

የአርሲኤ ሰዎች ሌላ ነገር አሰቡ። ሐሳቡን ፈረንሳዊው ዦርዥ ቫላንሲ ቀድሞ በ1938 አስመዝግቦታል። ምስሉን ለሁለት ክፈለው፦ ብርሃኑ ለብቻ፣ ቀለሙ ለብቻ። ብርሃኑን ልክ እንደ ድሮው ላከው። እሱም ከቀዩ 30፣ ከአረንጓዴው 59፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ እየተቀነጨበ ይደመራል፤ ዓይናችን ለአረንጓዴ ስለሚያደላ። ቀለሙን ደግሞ በቀጭን ተጨማሪ ሞገድ እዚያው መሐል ሸጉጠው። የድሮው ቴሌቪዥን ብርሃኑን ያነባል፣ ቀለሙን ልብ ሳይለው ያልፋል። ድሃው በጥቁርና ነጭ ያያል፣ ባለጸጋው በቀለም። አንድ ጣቢያ፣ አንድ ስርጭት።

የአርሲኤ የምስል ቲዩብማ፣ ስክሪኑን የያዘው ትልቁ መስታወት፣ ልቤን ነው የሚሰርቀው። የቆየ ባለ ቲዩብ ቴሌቪዥን ካገኘህ ጣትህን ውኃ ነክረህ አንዲት ጠብታ ስክሪኑ ላይ ጣል። ጠብታዋ እንደ ሌንስ ታጎላልሃለች። ነጭ የመሰለህ ቦታ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆኖ ተበታትኖ ታየዋለህ። ከኋላው እልፍ ቀዳዳ ያለው ስስ ብረት አለ። ሦስት ጨረሮች ከሦስት አቅጣጫ በዚያው ቀዳዳ ያልፋሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ብቻ ይመታል። የሚሽከረከር ነገር የለም። ድምፅ የለም። ከዚህ አጠገብ ዲስክ የአሻንጉሊት ሥራ ነው።

አከራዩ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን «ልጄ» ባይሉኝ ደስ ይለኛል። እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ።

የአሻንጉሊት ሥራ አሉኝ? እሺ። አሻንጉሊቱ ጨረቃ ሄዷል። በግንቦት 1969 አፖሎ 10 ከጠፈር በቀጥታ የላከው ባለ ቀለም ምስል በምን ካሜራ የተነሣ ይመስልዎታል? ዌስቲንግሃውስ በሠራው፣ ሌንሱ ኋላ ባለ ቀለም ዲስክ በሚዞርበት ካሜራ ነው። የጎልድማርክ መንገድ! ናሳ ለምን መረጠው? የአርሲኤ የስቱዲዮ ካሜራ ብርሃን ወደ ምልክት የሚቀይር ሦስት ቲዩብ ነበረው። ሦስቱ ምስሎች አንዱ በሌላው ላይ ልክ እንዲያርፉ ቴክኒሺያን ሲያስተካክል ይውላል። ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ባለ ዲስኩ አንድ ቲዩብ ይበቃዋል፣ ጠፈርተኛ በአንድ እጁ ይይዘዋል።

ከዚያ በፊትም ዶክተሮች ገብቷቸዋል። በ1949 አሜሪካ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ሥራ በሲቢኤስ ዘዴ በቀለም እየተላለፈ ለሐኪሞች ታይቷል። ደምና ሥጋ በትክክለኛ ቀለሙ መታየት ያለበት ቦታ ላይ አሻንጉሊት የሚያስቀምጥ ሐኪም አላውቅም።

ወደ 10 ሚሊዮን ሣጥንዎ ልምጣ። እነዚያን ሣጥኖች ማን ሸጣቸው? ሲቢኤስ በ1947 ቀለሙን ይዞ ኮሚሽኑ በር ላይ ሲቆም ሰው ቤት የገባው ቴሌቪዥን ገና እፍኝ ነበር። «ጊዜው አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እነ አርሲኤ ጥቁርና ነጩን እንደ ጉድ ቸበቸቡት። በመስከረም 1950 ኮሚሽኑ ፋብሪካዎቹን «እባካችሁ ከአሁን በኋላ የምትሠሩት ሣጥን ሁለቱንም ስርጭት መቀበል የሚችል ይሁን» ብሎ ጠየቃቸው። እምቢ አሉ። አውቀው ሰውን የማያስኬድ መንገድ ላይ ጭነው፣ መልሰው «ሰው መንገድ ላይ ነው» ብለው አለቀሱ። ለዚህ መልስ እፈልጋለሁ፣ ጋሼ። የውኃ ጠብታ ሳይሆን መልስ።

ጠጋኙ

እሺ፣ ወንድሜ ልበልህ። «ሰው ቀይሮ ቢገዛ ምን ነበረበት» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለት ልጆች እንዳሉት ሳውቅ ግን ባሰብኝ። ለልጆችህ ጫማ ስትገዛ ይህንን አስብ።

ጨረቃን ካነሣህ አይቀር ጨርሰው። ያ ካሜራ የላከው ምስል ቀጥታ ሰው ሳሎን ገባ? አልገባም። መሬት ላይ ያሉ ማሽኖች ተራ በተራ የመጡትን ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ምስሎች ሰብስበው ወደ እኔው ስርዓት ቀይረው ነው ለሕዝብ የተላለፈው። ስለዚህ ጨረቃ ላይ ዲስክ፣ ምድር ላይ አርሲኤ። ለሦስት ጠፈርተኞች የሚሆን ነገር ለ10 ሚሊዮን ቤት ይሆናል ያለው ማነው? ደግሞ በኅዳር 1969 አፖሎ 12 ያንኑ ዓይነት ካሜራ ጨረቃ ላይ ሲያቆሙት ፀሐይ ላይ ተደቅኖ ተቃጠለ። ዓለም ቁጭ ብሎ ባዶ ስክሪን አየ።

አሁን ዲስክህን ሳሎን እናስገባው። ማጣሪያው ስክሪኑን በሙሉ መሸፈን አለበት፣ የዲስኩ እምብርት ደግሞ ከስክሪኑ ውጭ መሆን አለበት። ስለዚህ ዲስኩ ስክሪኑን ሁለት እጥፍ ያህላል፣ ከዚያም ያልፋል። ለ12 ኢንች ስክሪን ከ24 ኢንች በላይ። እሱም በደቂቃ 1,440 ጊዜ ይዞራል። ለ21 ኢንች ስክሪን ምን ልታደርግ ነው? የሰውየውን ሚስት ከሳሎን ልታስወጣ? ማጣሪያው ደግሞ ብርሃኑን አብዛኛውን ይበላዋል። መጋረጃ ዘግቶ፣ ከአውሮፕላን ሞተር አጠገብ ተቀምጦ ድራማ ማየት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው እንቅስቃሴ ነው። ሰርጌይ ፕሮኩዲን-ጎርስኪ ከ1909 ጀምሮ ሩሲያን በቀለም ሲያነሣ ያደረገው አንተ የምታሞግሰውን ነው። መስታወት ላይ ሦስት ጊዜ በተከታታይ፣ በሦስት ማጣሪያ። መስታወቶቹን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1948 ገዝቷቸዋል። የቡኻራው አሚር በ1911 በሰማያዊ ካባው ፀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ፎቶው ትናንት የተነሣ ይመስላል። ወንዝ ያለበትን ፎቶ ግን ተመልከት። ውኃው ዳር ዳሩን ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። ለምን? ቀዩ ሲነሣ ውኃው አንድ ቦታ ነበር፣ አረንጓዴው ሲነሣ ሄዷል። አሚር ለመሆን ፈቃደኛ ለሆነ ተመልካች ዲስክ ጥሩ ነው። እግር ኳስ ለሚያይ ግን አይሆንም።

አከራዩ

ሁለቱንም ስርጭት የሚቀበል ቴሌቪዥን አንሠራም ያሉት ፋብሪካዎች የት ገቡ? አንድ ቃል አልመለሱልኝም። «ቀይሮ ቢገዛ» የምትለዋን ግን እንደ ከረሜላ እየመጠጧት ነው። እሺ፣ ይውሰዷት። ስሕተት ነበረች። «ቀይሮ ለመግዛት አማራጭ ቢሰጠው» ማለት ነበረብኝ።

የተቃጠለው ካሜራ ዲስኩ አልነበረም ችግሩ፣ ቲዩቡ ፀሐይ አየ። የእርስዎንም ሦስት ቲዩብ ፀሐይ ላይ ቢደግኑት አይተርፍም ነበር። ይህንን እኔ ለእርስዎ ማስረዳቴ ይከብደኛል።

አሁን ስለ ድሃው ያወሩኝን ሒሳብ እንሥራ። የአርሲኤ የመጀመሪያው ባለ ቀለም ቴሌቪዥን በ1954 ሲወጣ ዋጋው 1,000 ዶላር ነበር። ቲዩቡ 15 ኢንች ነው፣ የሚታየው ምስል ከዚያም ያንሳል። በዚያው ዓመት ጥር 1 የፓሳዴና የአበባ ሰልፍ በቀለም ሲተላለፍ ያየው ማነው? የሱቅ መስኮት ላይ የተኮለኮለ ሰው ነው። እርስዎ እኔን ባዶ ድግስ ብለው የሳቁብኝ ሰው ነዎት! ግማሹ የአሜሪካ ቤተሰብ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን የያዘው በ1972 አካባቢ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ለድሃው የታሰበለት ይህ ነው?

ቀለሙስ? ሞገዱ መንገድ ላይ ትንሽ ከተንሸራተተ የሰው ፊት ወይ ወደ አረንጓዴ ወይ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ የቀለም ማስተካከያ ቁልፍ አደረጉበት። አባወራው በየጣቢያው እየተነሣ የዜና አንባቢዋን ፊት ያክማል። የአሜሪካ መሐንዲሶች ራሳቸው የስርዓቱን ስም አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ NTSC፣ «ሁለቴ አንድ ዓይነት ቀለም የለም» (Never Twice the Same Color) ብለው ይፈቱት ነበር። የሲቢኤስ ዲስክ ይህ ችግር አልነበረበትም። ቀይ መስታወት ቀይ ነው። ዛሬም ቀይ ነው፣ ነገም።

ጠጋኙ

ቁልፉ እውነት ነው። አልክድም።

ነገር ግን ጨዋታው ስለ ቀለም ውበት አልነበረም፣ ማን ባዶ ስክሪን ፊት ይቀመጣል የሚል ነበር። አይ፣ አውቃለሁ፣ የክርክሩ ሐሳብ «የተሻለው ምስል» ይላል። ምስል ማለት ሰው የሚያየው ነው። ካልታየ ምስል አይደለም።

በ1984 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ወደ ቀለም ሲዞር፣ የኢሠፓ ምሥረታ ሰሞን፣ ሰፈራችን ያለችው አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ናት። እግር ያላት፣ በላይዋ ዳንቴል የለበሰች። ጎረቤት በሙሉ መጥቶ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ሰልፉ ቀይ በቀይ ነው ተባለ። እኛ ግራጫ በግራጫ አየን። ግን አየን! ያቺ ሣጥን በዚያ ቀን አልጨለመችም። በጎልድማርክ መንገድ ቢሆን ኖሮ አሮጊቷ ባለቤቷ እኔ ጋ ይመጡ ነበር፣ እኔም «ልጅዎ አዲስ ይግዛልዎ፣ ምን አለበት» እላቸው ነበር። እንዳንተ።

ደግሞ ጀግናህ ሲቢኤስ ራሱ ምን አደረገ? በ1953 እገዳው ሲነሣ በሩ ተከፈተለት። አልገባም። ፕሬዚዳንቱ ፍራንክ ስታንተን ለኮንግረስ «አንቀጥልም» አለ። ከ20 ሚሊዮን በላይ ጥቁርና ነጭ ሣጥን እንዳለ ያውቃላ። ባለቤቱ የቀበረውን አንተ ሰባ ዓመት ቆይተህ ታለቅሳለህ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህና ላብቃ። ያንተ ፕሮጀክተር ሲሠራ ዓይንህን ከግራ ወደ ቀኝ በፍጥነት አዙር። ነጭ ጽሑፍ ላይ። ምን ይታይሃል?

አከራዩ

መጀመሪያ፣ እኛ አገር የመጣው የአርሲኤ ስርዓት አይደለም። የመጣው ፓል ነው። ጀርመናዊው ዋልተር ብሩክ ቴሌፉንከን ውስጥ የሠራው፣ የአርሲኤን የቀለም መንሸራተት ለማረም ሲል። በየመስመሩ ምልክቱን እየገለበጠ ስሕተቱ ራሱን እንዲያጣፋ አደረገ። ስለዚህ በዳንቴሏ ቴሌቪዥን ለአርሲኤ አያልቅሱ። ይህንን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፣ ዝም ያሉበት ምክንያት ግን ገብቶኛል።

ሲቢኤስ በ1953 ለምን አልገባም? ሬሳ ስለሆነ ነው። ሁለት ዓመት እጁን አስረው «ለምን አልዋኘህም» ይሉታል።

ዓይን ማዞሩን ሞክሬዋለሁ። አዎ፣ ትንሽ ቀስተ ደመና ነገር ይታያል። በብዛት አይታይም። ሰርግ ላይ ከሦስት መቶ እንግዳ ውስጥ አንድ ሰው «ሙሽራዋ ስትዞር ቬሏ ዳር ዳሩን ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ይላል፣ ራሴንም አመመኝ» ብሎ አስጠርቶኛል። ጠጥቶ ነበር መሰለኝ።

ጠጋኙ

ፓል የማን የልጅ ልጅ ነው? ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ፣ በተጨማሪ ሞገድ። ብሩክ የአርሲኤን ቤት ጣራ ጠገነ እንጂ መሠረቱን አልቆፈረም። ጠጋኝ ነው፣ እንደኔ። ስለዚህ በዳንቴሏ ደስ ብሎኝ አለቅሳለሁ።

ሰውዬው አልጠጣም ነበር። የፕሮኩዲን-ጎርስኪን ወንዝ ነው ቬሉ ላይ ያየው።

የሚቀጥለው ሰርግህ መቼ ነው? እኔ ቢራ አልጠጣም፣ የደም ግፊት አለብኝ። ከኋላ ቆሜ ሙሽራዋ ስትዞር ብቻ አይቼ እሄዳለሁ።

አከራዩ

ቅዳሜ ነው። ይምጡ፣ ጋሼ። የወደቀችውን ቁራጭ መስታወት በሙጫ መልሼ ለጥፌያታለሁ፣ ስትዞር ግን እንደ ወባ ትንኝ ትጮኻለች። እግረ መንገድዎን ቢያዩልኝ አይከፋኝም። ክርክሩን ግን አልተውኩም፤ ፋብሪካዎቹ እምቢ ያሉበትን ምክንያት ቅዳሜም እጠይቅዎታለሁ።